ለመመረቂያ ጽሑፍ ምንጭ እንዴት ይጣራል? ከመጀመሪያው ፍለጋ እስከ ሪፈረንስ ገጹ

የምዕራፍ ሁለት ረቂቅ ከአማካሪ ሲመለስ ጠርዙ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ቀይ ጽሑፍ «ምንጩስ?» የሚል ነው። ተማሪው ይናደዳል፤ ምንጩን ጽፏላ! ቅንፉ ውስጥ ስምም ዓመትም አለ። አማካሪው የሚጠይቀው ግን ያ ሰው ነገሩን ከየት አወቀው ብሎ ነው።

ቅደም ተከተሉን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙ። ምንጭ በደፈናው «ታማኝ» ወይም «ቀጣፊ» አይባልም፤ ጥያቄው «ለዚህ ዓረፍተ ነገር ይበቃል ወይ?» ነው። ጋዜጣ ለሕፃናት መቀንጨር አኃዝ አይበቃም። በ1966 ዓ.ም. ስለ ረሃቡ ምን ይጻፍ፣ ምን ይታለፍ እንደነበር ለሚያጠና ሰው ግን ያው ጋዜጣ ዋና ምንጩ ነው።

ቅድመ ዝግጅት

• በኤክሴል ወይም በደብተር አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ የኔ ዓረፍተ ነገር፣ ምንጩ፣ ገጽ፣ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው፣ ውሳኔ።
• ዞተሮ (Zotero) የሚባለውን የሪፈረንስ ማደራጃ ፕሮግራም ጫኑ። ነፃ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።
• የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላችሁ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ደራሲ ስትጠይቁ ከግል ኢሜይል ይልቅ እሱ መልስ ያስገኛል።
• ከቴሌግራም ቻናል ያወረዳችሁትን ፒዲኤፍ ሁሉ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስገቡ። የታተመበትን ቦታ እስክታገኙለት ድረስ ምንጭ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ለመጀመሪያዎቹ አምስት ምንጮች ሩብ ሩብ ሰዓት መድቡ። እጅ ሲለምድ ለአንዱ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ጻፉ

ምንጭ ከመፈለጋችሁ በፊት ልታስደግፉት የምትፈልጉትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ፤ የምትሄዱበት ቦታ በዚህ ይወሰናል።

አኃዝ ከሆነ ቁጥሩን ወደ ሰበሰበው ተቋም ሂዱ። «ይህ ያንን ያመጣል» የሚል ከሆነ ጥናት፣ ከተቻለም ብዙ ጥናቶችን አጣርቶ የገመገመ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ሕግ ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣ እንጂ ስለ ሕጉ የተጻፈ አርቲክል አይሆንም።

ሕግ ላይ የሚሠራው ስህተት ብዙ ነውና እዚህ ትንሽ ልቆይ። ስለ ሠራተኛ ዓመት ፈቃድ የሚጽፍ ተማሪ ዛሬም አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ሲጠቅስ ታገኙታላችሁ። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተሽሯል። ተማሪው አዋጁን አላነበበም፤ ከድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጦ ነው። ስለዚህ አዋጅ ስትይዙ መጨረሻው አካባቢ ያለውን «ስለተሻሩ ሕጎች» የሚለውን አንቀጽ እዩ፤ ቀጥሎም ከእሱ በኋላ የወጣ ማሻሻያ መኖሩን ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአዋጅ ዓመት በስሌት አይቀየርም። 1156/2011 በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው፤ 377/1996 ግን 377/2003 ነው። ሰባት ልደምር ስምንት እያላችሁ አትጨነቁ። ጋዜጣው በሁለቱም ቋንቋ አትሞታል፤ እንዳለ ቅዱ።

ደረጃ 2፦ ከገጹ ውጡ

አንድ ድረ ገጽ ወይም ሪፖርት አገኛችሁ። አታንብቡት። ሌላ ታብ ክፈቱና የተቋሙን ስም ፈልጉ፦ ማን አቋቋመው? ገንዘቡን ከየት ያገኛል? ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ?

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 10 የታሪክ ምሁራን፣ 25 ተማሪዎችና 10 የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎች ሁለት ድረ ገጾች እንዲያወዳድሩ ተደረገ። አንዱ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተ ትልቅ የሙያ ማኅበር። ሌላው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ ይባላል፤ ከአካዳሚው በአመለካከት ተለይተው በ2002 የወጡ ጥቂት ሐኪሞች ያቋቋሙት ነው። ስማቸውም መልካቸውም ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ኮሌጁን መረጡ፤ ከታሪክ ምሁራኑም ብዙዎቹ ተወዛገቡ። አጣሪዎቹ ሁሉም አካዳሚውን መረጡ፤ ገጹን ትተው ወጥተው ስለጠየቁ ነው። የታሪክ ዶክተሩ ሎጎውንና «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ በጥሞና ሲያነብ ነው የተሸወደው።

«ስለ እኛ» ተቋሙ ራሱን የሚያሞግስበት ገጽ ነው። ምስክርነት አትቁጠሩት።

ሳይሳካ ሲቀር፦ ስለ ተቋሙ ከራሱ ገጽ በቀር ምንም ካልተገኘ ሠንጠረዡ ላይ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። ለአኃዝም ለመንስኤም አትጠቀሙበት።

ደረጃ 3፦ ጆርናሉን መርምሩ

በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

1. የአርቲክሉን ዲኦአይ (DOI)፣ ማለትም ለአንድ ጽሑፍ ብቻ የሚሰጠውን ቋሚ መለያ ቁጥር፣ ፈልጉ። በ10 ጀምሮ ነጥብ ያስከትላል። doi.org ላይ አስገቡት። ሌላ ጽሑፍ ከከፈተ ወይም «አልተገኘም» ካለ ቁሙ፤ ዲኦአይ የሚመስል ቁጥር ለጥፈው የሚሄዱ ጆርናሎች አሉ። ዲኦአይ አለመኖሩ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም፤ የቆዩ የአገራችን እትሞች የላቸውም።

2. የጆርናሉን አይኤስኤስኤን (ISSN)፣ ማለትም ባለ ስምንት አኃዙን መለያ፣ ዓለም አቀፉ የአይኤስኤስኤን መዝገብ ላይ ፈልጉ። መዝገቡ ላይ ያለው ስምና አሳታሚ እናንተ ከያዛችሁት ጋር መግጠም አለበት። ቁጥር መኖሩ የጥራት ማኅተም አይደለም፤ ለሁሉም ይሰጣል። የሚጠቅማችሁ የሌላ ጆርናል ስምና ቁጥር ሰርቀው አስመሳይ ድረ ገጽ የከፈቱትን ለመያዝ ነው።

3. የአርታኢ ቦርዱን ክፈቱ። ሁለት ስም መርጣችሁ በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ፈልጉ። የሉም? ወይስ ስለ ጆርናሉ ምንም አላሉም?

4. የአቻ ግምገማው፣ ማለትም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሌሎች ተመራማሪዎች የሚመዝኑበት ሥራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አንብቡ። «በ72 ሰዓት ተቀብለን እናትማለን» የሚል ጆርናል ገምጋሚ የለውም።

5. ክፍት (ማንም በነፃ የሚያነበው) ጆርናል ከሆነ ዶአጅ (DOAJ) በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ የአፍሪካ ከሆነ አጆል (AJOL) በሚባለው የአፍሪካ ጆርናሎች ማውጫ ላይ ፈልጉ። አጆል ላይ ከጆርናሉ ስም ጋር የሚታየው የኮከብ ደረጃ የአሳታሚውን አሠራር የሚመዝን ነው።

አቻ ገምጋሚ አለን ማለት ብቻውን ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አሳይቷል። ስህተቱ ዓይን የሚወጋ የውሸት የካንሰር መድኃኒት ጥናት ጽፎ ለ304 ክፍት ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት። ስኮፐስ (Scopus) በሚባለው የውጭ ማውጫ ውስጥ የለም ብሎ ጥሩ ምንጭ መጣል። ስለ ወሎ አፈር ወይም ስለ ጎንደር ቅርስ የተሻለው ጥናት የአገር ውስጥ ጆርናል ላይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ወይም ከ1963 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል የውጭ ማውጫ እስኪመሰክርላቸው የሚጠበቁ አይደሉም። ትምህርት ሚኒስቴርም የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ገምግሞ ዕውቅና ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ የሚቀበለውን ዝርዝር ከምርምር ቢሮው ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉ ተሽሮ እንደሆነ እዩ

ጽሑፍ ተሻረ የሚባለው ጆርናሉ ካተመው በኋላ እምነት እንደማይጣልበት አስታውቆ ሲሰርዘው ነው። ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዛት ያስገርመኛል፤ ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የወጣው፣ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ እስኪሻር 12 ዓመት ፈጅቷል፤ የተሻረው በ2010 ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ስለ ሃይድሮክሲክሎሮክዊን መድኃኒት ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ሜይ 22 ቀን 2020፣ እዚያው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጁን 4 ተሽሯል። በ13 ቀን! ከስርጂስፊር ኩባንያ የመጣውን መረጃ ገለልተኛ ሰው ሊያረጋግጠው ስላልቻለ ነው።

አሁን የቴሌግራሙን ፎልደር አስታውሱ። የጽሑፉን ፒዲኤፍ ሜይ 28 ያወረደ ሰው ፋይሉ ላይ «ተሽሯል» የሚል ማኅተም አያይም። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይኖራል፤ ማኅተሙ አሳታሚው ገጽ ላይ ነው የቀረው።

• ርዕሱን በዲኦአዩ በኩል አሳታሚው ገጽ ላይ ክፈቱ። በቀይ ወይም በጉልህ የተጻፈ ማስታወሻ አለ?
• ርዕሱን የተሻሩ ጽሑፎችን በሚመዘግበው፣ ሪትራክሽን ዋች (Retraction Watch) በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ፈልጉ። ክፍት ነው።
• ወደ ዞተሮ አስገቡት። የተሻረ ከሆነ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፤ በኋላ ቢሻርም እንዲሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉግል ስኮላር ላይ «በዚህን ያህል ተጠቅሷል» የሚለው ቁጥር ምስጋና አይደለም። ያ የ1998ቱ ጽሑፍ በጣም ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ብዙውም ሊያፈርሰው ነው።

ደረጃ 5፦ አኃዙን እስከ አፍላቂው ተከተሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደውም የሚያዋርደውም ይህ ነው። የኔን ልንገራችሁ። ዲፌንስ ላይ የውጭ ፈታኙ የሪፈረንስ ገጼን ገልጠው አንድ የ1960ዎቹ መጽሐፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ «ይህን መጽሐፍ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም። ሌላ አርቲክል ውስጥ ተጠቅሶ አግኝቼ እንዳነበብኩት አድርጌ ነበር የጻፍኩት። «ገጹ ስንት ነው ታዲያ?» ሲሉኝ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

በአንድ ምሳሌ እንሥራው። ዓረፍተ ነገሩ፦ «በኢትዮጵያ 38 በመቶ ሕፃናት የቀነጨሩ ናቸው።» ቅንፉ ውስጥ አንድ የ2021 አርቲክል አለ እንበል፤ በዚህ ምሳሌ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. አርቲክሉን ክፈቱና 38ን ፈልጉ። አጠገቡ ሪፈረንስ ቁጥር ካለ ይህ ጽሑፍ አፍላቂ አይደለም፤ ተቀባይ ነው።
2. ወደተጠቀሰው ሂዱ። እሱም ሌላ ከጠቀሰ ቀጥሉ። መጨረሻው የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሪፖርት ነው።
3. ሪፖርቱን አውርዱና የሥነ ምግብ ምዕራፉን ሠንጠረዥ እዩ። ማን ተለካ? ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት። እናንተ ግን «ሕፃናት» ብላችሁ አልፋችኋል። አስተካክሉ።
4. ከጎኑ ያሉትን ረድፎች አንብቡ። በዚያው ሠንጠረዥ አማራ ክልል 46 በመቶ፣ አዲስ አበባ 15 በመቶ ግድም ነው። ጥናታችሁ ደብረ ታቦር ላይ ከሆነ 38 የእናንተ ቁጥር አይደለም።
5. ከዚያ ወዲህ አዲስ ልኬት መኖሩን ፈልጉ። የ2019 አነስተኛ ዳሰሳ አለ፤ 37 በመቶ ይላል። ያን ያዘጋጀው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ የ2016ቱን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ። ሁለቱን በአንድ ተቋም ስም የሚጽፍ ሰው አንዱን አልከፈተም ማለት ነው።

ሳይሳካ ሲቀር፦ ሁለት አኃዝ ሲጋጭ። እ.ኤ.አ. የ2000 ዳሰሳ የራሱ ሪፖርት መቀንጨርን 52 በመቶ ያደርገዋል። የኋለኞቹ ሪፖርቶች ግን ስለዚያው ዓመት 58 በመቶ ይላሉ። ማን ዋሸ? ማንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ የሕፃናት ዕድገት መለኪያ አወጣና የድሮው መረጃ በአዲሱ መለኪያ እንደገና ተሰላ። የ2000ን ከ2016 ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ 58ን ውሰዱ። 52ን ወስዶ 38ን ከእሱ የቀነሰ ተማሪ ሜትርና ክንድ ነው ያቀናነሰው። ቁጥሮች ሲጋጩ የሚቀልላችሁን አትምረጡ፤ መጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥሎ ማን እንደተቆጠረ፣ ከዚያ ዓመቱን አስተያዩ።

ዓመቱ ላይ የራሳችን ወጥመድ አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝኛ የ2007 ቆጠራ ይባላል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «በ2007 በተደረገው ቆጠራ» ብሎ የሚጽፍ ስምንት ዓመት አዘለለው። እያንዳንዱን ዓመት ሠንጠረዛችሁ ላይ ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉ፤ ያለ ምልክት አትተዉ።

ደረጃ 6፦ ዘዴውን አንብቡ

አብስትራክቱን ዝለሉና «ዘዴ» ወደሚለው ክፍል ግቡ። አራት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ እነማን ተጠየቁ፣ ስንት ናቸው፣ እንዴት ተመረጡ፣ መቼ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የገንዘብ ምንጩን።

በአንድ ሆስፒታል ሊታከሙ የመጡ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ስለ ወረዳው ሕዝብ አይናገርም፤ የታመመና መምጣት የቻለ ሰው ነው የተጠየቀው። በአንድ ጊዜ የተጠየቀ መጠይቅ ደግሞ ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን አያሳይም። ደራሲዎቹ «ተያይዟል» ያሉትን እናንተ «አስከትሏል» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ጥፋቱ የምንጩ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከኤአይ የመጣን ሪፈረንስ እንደ ወሬ ያዙት

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሌለ አርቲክል በእውነተኛ ጆርናል ስም፣ በእውነተኛ ተመራማሪ ስም ሊፈጥሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እንዲህ የተፈጠሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

1. ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጉ።
2. ካልተገኘ የጆርናሉን ቅጽና ቁጥር ከፍታችሁ በተባለው ገጽ ላይ ምን እንዳለ እዩ። ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ጽፎበት ታገኛላችሁ።
3. ከተገኘም አልጨረሳችሁም። ጽሑፉ ኖሮ የተባለውን ነገር ላይል ይችላል። ክፈቱና ዓረፍተ ነገሩን በዓይናችሁ እዩ።

ኤአዩን መልሳችሁ «እርግጠኛ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። አዎን ቢልም አይደለም ቢልም አልተረጋገጠም።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጽሑፉ ክፍያ ይጠይቃል። በአብስትራክቱ ብቻ አትጥቀሱ። ጉግል ስኮላር ላይ «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ተጫኑ፤ ደራሲው ዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ውስጥ በነፃ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳችሁ የክፍያ ጆርናሎችን የሚከፍተውን የሪሰርች ፎር ላይፍ (Research4Life) መግቢያ ጠይቁ፤ የአገራችን ተቋማት በነፃ ይጠቀሙበታል፣ ተማሪው ግን መኖሩን አያውቅም። የመጨረሻው ለደራሲው አጭር ኢሜይል መጻፍ ነው።

የኢትዮጵያዊው ደራሲ ስም አልገኝ አለ። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፤ የውጭ ማውጫዎች ግን እንደ ቤተሰብ ስም ያስቀድሙታል። አበበ ከበደ በአንዱ «ከበደ አ.»፣ በሌላው «አበበ ከ.» ሆኖ ይገኛል። በሁለቱም ፈልጉ፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉንም ለዋውጡ። ስማቸው የተገጣጠመ ሁለት ሰዎችን አንድ እንዳታደርጉ ዩኒቨርሲቲያቸውን እዩ።

አማካሪው «ከአምስት ዓመት ወዲህ ያለ ብቻ» አሉ። ለአኃዝና ለሕክምና ትክክል ናቸው። ለፅንሰ ሐሳብ መነሻ ግን አፍላቂው አሮጌ ቢሆንም እሱን ጥቀሱ፤ ከጎኑ አዲስ የተጠቀመበትን ጨምሩ። ሠንጠረዡን ይዛችሁ ብትገቡ «እንዲህ ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው ዶክተር» ለማለት አይከብዳችሁም።

ዋናውን መጽሐፍ ማግኘት አልተቻለም። ያነበባችሁትን ጥቀሱ፦ «እገሌ፣ በእገሊት እንደተጠቀሰው»። ከሦስት በላይ እንዲህ ያለ ካላችሁ ቤተ መጻሕፍት መሄጃው ደርሷል።

ካስረከባችሁ በኋላ አንድ ምንጭ መሻሩ ታወቀ። ወዲያው ለአማካሪው ንገሩ። ዓረፍተ ነገሩ ያለዚያ ምንጭ ይቆማል? ከቆመ ምንጩን ብቻ አውጡ። ካልቆመ ዓረፍተ ነገሩም ይውጣ፤ በእሱ ላይ የተሠራ መላምት ካለ ከዲፌንስ በፊት ይስተካከል።

ከማስረከባችሁ በፊት ባለው ምሽት ሠንጠረዡን ክፈቱና «ገጽ» የሚለውን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች ውረዱ። ባዶ የሆነበት መስመር ሁሉ ያልተከፈተ ምንጭ ነው፤ ወይ ክፈቱት፣ ወይ ሰርዙት።